የተደፈኑት ቅስቶች፦ አንድ የእንግሊዝ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን እንደ ታሪክ ሰነድ



ዛሬ የምናገረው ጣሪያ ስለሌለው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ይባላል፤ የሚገኘው በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ኮረብታማ አገር፣ ዋረም ፐርሲ በተባለ ጠፍ መንደር ነው። ከታላላቆቹ ካቴድራሎች ጎን የሚቆጠር ሕንፃ አይደለም። ንጉሥ አልነገሠበትም፤ ያነጹትም ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። ይሁን እንጂ ስለ መካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ገጠር ካነበብኋቸው ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ያስተማረኝ እርሱ ነው። ያስተማረኝም አስቀድሞ በማሳሳት ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ቦታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከመንገዱ ወርዶ ወደ ሸለቆው የሚያመራው ሰው መንደሩን ፈልጎ አያገኝም፤ የሚያየው ሣር የለበሱ ጉብታዎችን ነው። እያንዳንዱ ጉብታ የአንድ ቤት መሠረት፣ በጉብታዎቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ መስመርም የመንደሩ መንገድ ነበረ። ከግርጌ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻውን ቆሟል። ወደ ግድግዳው ስቀርብ ዓይኔን የያዘው በግድግዳው ውስጥ የሚታዩ ታላላቅ ቅስቶች ናቸው። በአንድ ወቅት ክፍት የነበሩ፣ ሰዎች በሥራቸው ያልፉባቸው የነበሩ ቅስቶች፣ ኋላ በድንጋይና በኖራ ተደፍነዋል። ከመድፈኛው ግንብ ጀርባ ምንም የለም፤ ሣርና ሰማይ ነው።

እኔም ወዲያው ፈረድኩ። ሕዝቡ በበዛ ጊዜ ሕንፃው ሰፋ፤ በ1348 እና በ1349 ቸነፈር መጥቶ ሕዝቡን በጨረሰ ጊዜ ሕንፃው ጠበበ። ግድግዳው የሕዝብ ቁጥር ሠንጠረዥ ነው ብዬ ረዘም ያለ ጽሑፍ አቀረብኩ። መምህሬ ጽሑፉን ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈው ነበር፤ «ቅስቶቹን ያስደፈነው ማን ነው? ሒሳቡንስ ማን ከፈለ?» የዛሬው ንግግር ለዚያ ጥያቄ የምሰጠው የዘገየ መልስ ነው።

መልሱን ለማግኘት አስቀድመን የሕንፃውን አቋም እንመልከት። በ1300 ገደማ እንግሊዝ ወደ 9 ሺህ በሚጠጉ አጥቢያዎች የተከፈለች ነበረች። አጥቢያ ማለት ወሰን ያለው መሬት ነው። በወሰኑ ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚጠመቀውም፣ የሚቀበረውም፣ አሥራቱን የሚያገባውም በዚያው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሕንፃው ባመዛኙ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተያያዙ ሁለት ክፍሎች አሉት። በምሥራቅ በኩል ያለው፣ መንበሩ የሚቆምበትና ካህኑ የሚቀድስበት አነስተኛው ክፍል «ቻንስል» ይባላል። በምዕራብ ያለው፣ ምእመናን የሚቆሙበት ሰፊው ክፍል ደግሞ «ኔቭ» ነው። በሁለቱ መካከል ትልቅ ቅስት አለ። ከቅስቱም በታች ብዙውን ጊዜ በእንጨት የተሠራ ክፍልፋይ ይቆም ነበር፤ በላዩም የስቅለት ምስል ነበረበት።

ቅኔ ማኅሌትን፣ ቅድስትንና መቅደስን ለይተን ለምናውቅ ለእኛ ቅድስናው ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ሕንፃ እንግዳ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አጥቢያ ግን ያ ቅስት የቅድስና ወሰን ብቻ አልነበረም። የሒሳብም ወሰን ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእህሉ፣ ከበጉ ግልገል፣ ከሱፉም ከአሥር አንዱ የአጥቢያው አለቃ ለሆነው ሬክተር ይገባ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጳጳሳት ባወጧቸው ደንቦች መሠረት አሥራቱን የሚቀበለው ሬክተር ቻንስሉን የማደስ ግዴታ ተጣለበት። ኔቩን፣ የደወሉን ማማ፣ የመቃብሩን አጥር፣ እንዲሁም ብዙዎቹን ንዋያተ ቅድሳት ማሟላት ደግሞ የምእመናኑ ዕዳ ሆነ። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ የሚመስለው ሕንፃ በእርግጥ የሁለት ከረጢት ሥራ ነው። ከቅስቱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ከረጢት፣ ወደ ምዕራብ ሌላው። በእንግሊዝ ገጠር የሚጓዝ ሰው ቻንስሉ ያማረ፣ ኔቩ ግን የደከመ ቤተ ክርስቲያን ያጋጥመዋል፤ የዚህ ተቃራኒም ሞልቷል። ሁለቱ ለምን አይመሳሰሉም ብሎ ለሚደነቅ ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ወሰን ላይ ይገኛል።

ይህን ይዘን ወደ ዋረም ፐርሲ እንመለስ። ሞሪስ ቤረስፎርድ የተባሉ የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ ቦታውን ማጥናት የጀመሩት በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ኋላም ከአርኪዮሎጂ ባለሙያው ከጆን ኸርስት ጋር ሆነው በየበጋው የሚካሄድ ቁፋሮ እስከ 1990 ድረስ መርተዋል። ቤተ ክርስቲያኑና ዙሪያው የተቆፈሩት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ነው። ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎች አፅምም ተገኝቷል። ከወለሉ ሥር የታየው ታሪክ ከግድግዳው ይልቅ ረጅም ነበር። መጀመሪያ ከእንጨት የተሠራ ትንሽ ቤት እንደነበረ የሚያመለክቱ ጉድጓዶች ተገኙ። እርሱን ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተካው፤ በዚያ ዙሪያ ደግሞ ሰፋ ያለው ታነጸ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በደቡብ በኩል፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በሰሜን በኩል የጎን አዳራሽ ተጨመረ። በ14ኛው ክፍለ ዘመንም በሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን የጸሎት ክፍል ተቀጠለ።

የጎን አዳራሽ መጨመር ምን ማለት እንደሆነ በግንበኛው ዓይን እንየው። ከነባሩ ግድግዳ ውጭ፣ ከእርሱ ትይዩ፣ አዲስ ግድግዳ ይነሣል፤ በሁለቱ መካከልም ተዳፋት ጣሪያ ይዘረጋል። ቀጥሎ ነባሩ ግድግዳ ይከፈታል፤ በግድግዳው ምትክ ዓምዶች ይቆማሉ፤ በዓምዶቹም ላይ ቅስቶች ይወረወራሉ። ከቅስቶቹ በላይ ያለው የአሮጌው ግድግዳ ክፍል ብዙ ጊዜ ሳይፈርስ በቦታው ይቀራል። በዚህ ምክንያት በብዙ አጥቢያዎች ከቅስቱ በላይ ያለው ግንብ ከቅስቱ ይበልጥ ያረጀ ነው። ሕንፃ የሚያነብ ተማሪ «የላይኛው ሁልጊዜ የኋለኛው ነው» ብሎ ከጀመረ በዚህ ይሰናከላል።

የቅስቱ ቅርጽም ዘመኑን ይጠቁማል። ክቡ ቅስት በአብዛኛው ከኖርማኖች ዘመን እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያለውን ጊዜ፣ ሾጣጣው ቅስት ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያለውን ያሳያል። ዛሬም የምንሠራበትን የስልቶች አከፋፈል በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ የዘረጋው ቶማስ ሪክማን ነው። ይህ አከፋፈል ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የገጠር ግንበኛ የከተማውን ፋሽን ዘግይቶ ሊቀበል፣ አሮጌውንም ስለወደደው ብቻ ሊደግመው እንደሚችል መርሳት አይገባም። ስለዚህ ከቅስቱ ቅርጽ ይልቅ የማምነው መጋጠሚያውን ነው። ሁለት ግንቦች ድንጋያቸው ሳይጠላለፍ ቀጥ ባለ መስመር ከተገናኙ በአንድ ጊዜ አልተሠሩም። የትኛው የትኛውን እንደተደገፈ ማየት ማን እንደቀደመ ማወቅ ነው።

የጎን አዳራሾቹ ለምን ተጨመሩ? በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሕዝብ ብዛት መጨመሩ አያከራክርም፤ ቦታ ጠብቦ ነበር ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን የጎን አዳራሽ ለሰው መቆሚያ ብቻ አልነበረም። ለተጨማሪ መንበር፣ ለሙታን መታሰቢያ ጸሎት፣ ለዑደት፣ ለተከበሩ ሰዎች መቃብርም ያገለግል ነበር። ሕዝብ ሳይጨምር አምልኮው ቢበዛ፣ ወይም ኩራትና ገንዘብ ቢኖር፣ ሕንፃው ሊሰፋ ይችላል። የእኔ ሠንጠረዥ የመጀመሪያውን ስንጥቅ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስንጥቅ የጊዜ ነገር ነው። «ጥቁር ሞት» ተብሎ የሚታወቀው ቸነፈር ከእንግሊዝ ሕዝብ ከሲሶ እስከ እኩሌታ የሚገመተውን እንደጨረሰ ይነገራል። በዋረም ፐርሲ ግን የጎን አዳራሾቹ መፍረስ የጀመሩት በቸነፈሩ ማግሥት ሳይሆን ከብዙ ትውልድ በኋላ፣ ወደ መካከለኛው ዘመን ማብቂያ ነው። ሞት በአንድ ዓመት ይመጣል፤ ግድግዳ ግን በዚያ ዓመት አይፈርስም። በመካከሉ የተከናወነው ነገር ምንድን ነው?

በመካከሉ የተከናወነው የጣሪያ ጥገና ነው። የጣሪያ ወጋግራ ይበሰብሳል፤ በላዩ የሚነጠፈው የእርሳስ ብረት ይሰነጠቃል፤ ውሃ በግድግዳው ራስ ከገባ ኖራውን አጥቦ ግንቡን ያላላል። የኔቩ ጥገና የምእመናን ዕዳ መሆኑን አስታውሱ። ስልሳ አባወራ የሚከፍለውን ወጪ ሠላሳ አባወራ እንዲከፍል ሲገደድ የእያንዳንዱ ድርሻ እጥፍ ይሆናል። (ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ያነሣሁት እንጂ የዋረም ፐርሲ ቆጠራ አይደለም።) የአጥቢያው ሕዝብ የመረጣቸው የንብረት ኃላፊዎች መዋጮ ይሰበስቡ ነበር። በብዙ አጥቢያም ቢራ አስጠምቀው፣ ድግስ ደግሰው፣ ከሽያጩ የተገኘውን ለሕንፃው ያውሉት ነበር። ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር አንድ ውሳኔ ይቀራል። የጎን አዳራሹን አፍርሶ ቅስቶቹን መድፈን ማለት አንድ ጣሪያና አንድ ረጅም ግድግዳ ለዘለዓለም ከወጪ መዝገብ መሰረዝ ማለት ነው። የፈረሰው ድንጋይም ለመድፈኛ ይሆናል።

እንግዲህ የተደፈነው ቅስት የሞት ምልክት አይደለም። በሕይወት የቀሩ ሰዎች ተቀምጠው፣ ቆጥረው፣ ተከራክረው የደረሱበት ስምምነት ነው። እኔ የሟቾችን ቁጥር ያነበብኩበት ግንብ የተረፉት ሰዎች ቃለ ጉባኤ ነበረ።

ሦስተኛው ስንጥቅ ከሁሉ ይበልጣል። በ1500 ገደማ የመጨረሻዎቹ ገበሬዎች ዋረም ፐርሲን ለቀው መሬቱ የበግ ግጦሽ ሆነ። ሕንፃው የመንደሩ ሠንጠረዥ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዘመን ባዶ መቅረት ነበረበት። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ በኋላ አራት መቶ ተኩል ዓመታት ያህል አገልግሏል፤ መደበኛ ጸሎት የተቋረጠው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አጥቢያው ከመንደሩ ይሰፋ ነበር። በወሰኑ ውስጥ ሌሎች መንደሮች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ የሆነው ቲክሰንዴል አልጠፋም። የቲክሰንዴል ሰዎች ኮረብታውን ተሻግረው ልጆቻቸውን ያስጠምቁ፣ ሙታናቸውን ይቀብሩ ነበር። ለራሳቸው ቤተ ክርስቲያን የተሠራላቸው በ1870 ነው። እኔ በጉብታዎቹ መካከል ቆሜ ሕንፃውን ከጠፋው መንደር ጋር ብቻ አያያዝኩት፤ ከኮረብታው ማዶ ያለውን ሕያው መንደር ግን አላየሁም። ሕንፃ የሚያገለግለው በዓይናችን ፊት ያለውን ሰፈር ብቻ ነው ብሎ መገመት የተለመደ ስሕተት ነው።

ወደ ምሥራቁ ክፍል እንሻገር። ቻንስሉም በኋለኛው ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ አጥሯል። ይህ ማሳጠር ግን ከጎን አዳራሾቹ መፍረስ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አይደለም፤ ከረጢቱም ምክንያቱም ሌላ ነው። በ1215 የላተራን ጉባኤ ስለ ቅዱስ ቁርባን ያጸናው ትምህርት፣ ከእርሱም ጋር ያደገው ሥርዓት፣ በመላው እንግሊዝ ሰፋፊ ቻንስሎች እንዲሠሩ ገፋፍቶ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተሐድሶው ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። በኤድዋርድ 6ኛ ዘመነ መንግሥት፣ ከ1547 እስከ 1553 ባሉት ዓመታት፣ ምስሎች ተነሡ፤ ሥዕሎች በኖራ ተቀቡ፤ የድንጋይ መንበሮች በእንጨት ገበታ ተተኩ። በ1561 ደግሞ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ትእዛዝ በክፍልፋዩ ላይ ያለው ሰገነት እንዲወርድ፣ ክፍልፋዩ ራሱ ግን እንዲቆይ ተወሰነ። ወሰኑ ጸና፤ ከወሰኑ ማዶ የነበረው ሥራ ግን ተለወጠ። ረጅም ቻንስል የሚጠይቅ ሥርዓት ሲጠፋ፣ የሚያድሰው ባለ ዕዳ ማሳጠሩን ቢመርጥ አያስደንቅም።

ያ ባለ ዕዳ ማን ነበር? በመካከለኛው ዘመን ብዙ ገዳማት የአጥቢያ አሥራት ተሰጥቷቸው ራሳቸው ሬክተር ሆነው ነበር። ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 ገዳማቱን ሲዘጋ ንብረታቸው ወደ ዘውዱ ገባ፤ ከዘውዱም ለመኳንንትና ለባለሀብት ተሸጠ። በዚህ መንገድ ካህን ያልሆነ፣ ግን አሥራት የሚቀበልና ቻንስል የማደስ ዕዳ ያለበት ሰው ተፈጠረ። ዕዳው ከመሬቱ ጋር ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

ይህ የሩቅ ዘመን ወግ እንዳይመስላችሁ። በዋሪክሻየር፣ አስተን ካንትሎ በተባለ አጥቢያ፣ በ1743 በአሥራት ምትክ የተሰጠ መሬት ነበረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዚያ መሬት ባለቤቶች የነበሩ ባልና ሚስት የአጥቢያውን ቻንስል እንዲያድሱ ተጠየቁ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ 95 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነበር። ክርክሩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ በ2003 በባለቤቶቹ ላይ ተፈረደ። ቀድሞ በ2002 የወጣ የመሬት ምዝገባ ሕግም እንዲህ ያሉ ዕዳዎች እስከ ጥቅምት 2013 በመዝገብ እንዲሰፍሩ ጊዜ ሰጠ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአንድ ቅስት ላይ የተሰመረው ወሰን በ21ኛው ክፍለ ዘመን የሰውን ጥሪት ሊያናጋ ቻለ።

ተቃራኒውን ምሳሌ ሳላነሣ ባልፍ ፍርዴ ጎደሎ ይሆናል። በሰፎክ ያለው የሎንግ ሜልፎርድ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ማለትም የዋረም ፐርሲ ምእመናን በተቸገሩበት ዘመን፣ በሱፍ ጨርቅ ንግድ በበለጸጉ ሰዎች ገንዘብ እንደገና ታነጸ። በውጭው ግድግዳ ላይ ገንዘብ የሰጡት ሰዎች ስም በድንጋይ ተቀርጿል፤ አላፊ አግዳሚው ለነፍሳቸው እንዲጸልይም ይለምናል። ቸነፈሩ ሁለቱንም አውራጃዎች መትቶ ነበር። በጉ በአንደኛው መንደር የሰው ተተኪ ሆነ፤ በሁለተኛው ሱፉ የመስኮት ጌጥ ሆነ። ስለዚህ ከሕዝብ ቁጥር ወደ ግድግዳ በቀጥታ የሚወስድ መንገድ የለም። በመካከሉ ሕግ አለ፣ ገበያ አለ፣ እምነት አለ፤ ከሁሉም በላይ ተሰብስበው የሚወስኑ ሰዎች አሉ።

አንድ የሚያሳዝን እውነት ልጨምር። ዋረም ፐርሲን እንዲህ ልናነበው የቻልነው ስለፈረሰ ነው። ጣሪያው ባይጠፋ፣ ልስኑ ባይረግፍ፣ ወለሉ ባይቆፈር ኖሮ መጋጠሚያዎቹ አይታዩም ነበር። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ በ1959 የማማው እኩሌታ ተደርምሷል። በሌላ በኩል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት «ወደ ቀድሞ መልካቸው ይመለሱ» ተብለው ሲታደሱ የኋለኛው ዘመን ሥራ ሁሉ ተጠርጎላቸው ነበር። ዊልያም ሞሪስና ጓደኞቹ በ1877 የጥንት ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ያቋቋሙት ይህን በመቃወም ነው። መከራከሪያቸው ቀላል ነበር፦ የኋለኛውን የሚፍቅ ሰው የፊተኛውን አይመልስም፤ የሚሠራው ሌላ አዲስ ነገር ነው። የተደፈነ ቅስት ቢከፈት ያምር ይሆናል፤ የደፈኑት ሰዎች ቃል ግን ያኔ ይጠፋል።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲስ ከሚሠራበት አጥቢያ መጥታችኋል። ምእመናን አዲስ መሻታቸውን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ሕንፃው የእነርሱ ነው፤ ዕዳውም የእነርሱ ነው። የምለምናችሁ ከመፍረሱ በፊት አንድ ቀን ሜትርና ማስታወሻ ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው። ግድግዳውን ለኩ፤ መጋጠሚያውን ሣሉ፤ ሽማግሌዎቹን ስለ ዕድሜው ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንዳዋጣ፣ የትኛው ወገን የትኛውን ማዕዘን እንደሠራ፣ በየትኛው ዓመት ምን እንደተቸገሩ ጠይቁ። ይህ ካልተጻፈ ማንም በኋላ ቆፍሮ አያገኘውም። ዓምድ መሠረቱን ትቶ ይሄዳል፤ ስምምነት ግን መሠረት የለውም።

መምህሬ በኅዳጉ ላይ የጻፉት ጥያቄ እኔን ከግድግዳው ወደ ሰዎቹ መለሰኝ። ቅስቶቹን ያስደፈኑት የአጥቢያው ምእመናን ናቸው፤ ሒሳቡንም የከፈሉት እነርሱ ናቸው። ስማቸውን አናውቅም። ይሁን እንጂ ሕንፃቸው እንዳይጠፋ ሲሉ እንዳሳነሱት አሁን እናውቃለን።